ኢትዮጵያ (የሥልጠና መርከብ)

ኢትዮጵያ (የጎን ቁጥሯ ኤ-01) ከ1954 እስከ 1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለች የሥልጠና መርከብ ነበረች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የተሠራች ሲሆን የመጀመሪያ ስሟ ኦርካ ነበር። በአሜሪካ ባንዲራ ሥር የባሕር አውሮፕላኖች ደጋፊ መርከብ ሆና ከጃፓን ጋር በተደረገው ውጊያ ተሳትፋለች። ወደ ቀይ ባሕር ከመጣች በኋላ የምጽዋ የጦር ወደብ ዋና መለያ ሆነች፤ በርካታ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እጩ መኮንኖችም የባሕርን ኑሮ የቀመሱት በእርሷ ላይ ነው። በመጠን እርሷን የሚበልጥ መርከብ ባሕር ኃይሉ እስከ መጨረሻው አልነበረውም።

አሠራሯና መጠኗ

መርከቧ ባርኔጋት በሚባለው ክፍል ከተሠሩት ከ30 በላይ መርከቦች አንዷ ናት። የዚህ ክፍል መርከቦች በባሕረ ሰላጤዎችና በወሽመጦች ስም ይጠሩ ነበር፤ ኦርካም በአላስካ ጠረፍ የሚገኝ ወሽመጥ ስም ነው። የቀበሌዋ አጥንት የተጣለው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1942 በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር በሚገኘው ሌክ ዋሽንግተን የመርከብ ማምረቻ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ውሃ ላይ ወረደች። ሙሉ መሣሪያና ሠራተኛ ተሟልቶላት አገልግሎት የጀመረችው ግን እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 23 ቀን 1944 ነው።

ርዝመቷ 94.7 ሜትር፣ ወርዷ 12.5 ሜትር፣ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀው አካሏ ደግሞ 4 ሜትር ያህል ነበር። ጭነቷ ሲሞላ 2,800 ቶን ገደማ ትመዝናለች። 6,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው የናፍጣ ሞተሮቿ ሁለት ዘንጎችን እያሽከረከሩ በሰዓት እስከ 18 ኖት፣ ማለትም 33 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዷታል። ይህ ፍጥነት ለጦር መርከብ ብዙ የሚባል አይደለም። አጥፊ የሚባሉት የዘመኑ መርከቦች ከ30 ኖት በላይ ይሮጡ ነበር። ይሁን እንጂ ባርኔጋቶች ለሩጫ አልተሠሩም። አካላቸው ብዙ ስለማይጠልቅ ትላልቅ መርከቦች ሊገቡ በማይችሉባቸው ትንንሽ ወደቦችና በደሴቶች መካከል ባሉ ጥልቀት የሌላቸው ውሃዎች ገብተው እንዲቆሙ ነበር የታሰቡት። ይህ ባሕርይ ኋላ ለዳህላክ ደሴቶች አካባቢም የሚመች ሆኖ ተገኝቷል፤ እነዚያ ደሴቶች ከመቶ በላይ ሲሆኑ በዙሪያቸው ያለው ባሕር ጥልቀት የሌለውና ድንጋይ የበዛበት ነው።

የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ ማለት ምን ማለት ነው

በዘመኑ የነበሩት የባሕር አውሮፕላኖች የሚያርፉትም የሚነሡትም ውሃ ላይ ስለነበር ማኮብኮቢያ ሜዳ አያስፈልጋቸውም ነበር። የሚያስፈልጋቸው ነዳጅ፣ ቦምብ፣ መለዋወጫ፣ ሜካኒክ፣ ለአብራሪዎቹም ምግብና መኝታ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ የሚንቀሳቀስ መርከብ ካለ፣ ጸጥ ያለ ወሽመጥ ሁሉ የአየር ማረፊያ ይሆናል። ኦርካና እህቶቿ የአንድ ስኳድሮን አውሮፕላኖችን የማስተዳደር አቅም ነበራቸው። ለዚሁ ሥራ 300,000 ሊትር ያህል የአውሮፕላን ቤንዚን በሆዳቸው ይይዛሉ፤ በክሬን አማካይነትም የተበላሸ አውሮፕላን ከውሃ አንሥተው ለጥገና መርከቡ ላይ ያወጣሉ። ይህን ያህል ቤንዚን ተሸክሞ የጠላት አውሮፕላን በሚያንዣብብበት ወደብ መልሕቅ ጥሎ መቆም ቀላል ሥራ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ለዚህም ነው መርከቦቹ 127 ሚሊ ሜትር መድፍና በርከት ያሉ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያዎች የታጠቁት።

በፓሲፊክ ውቅያኖስ

ኦርካ እ.ኤ.አ. በ1944 በኒው ጊኒ አካባቢ ሥራዋን ጀምራ፣ ከዚያ የጄኔራል ማክአርተር ጦር ወደ ፊሊፒንስ ሲገፋ አብራ ተጓዘች። ያስተዳደረቻቸው አውሮፕላኖች በብዛት ካታሊና የሚባሉት ሁለት ሞተር ያላቸው የባሕር አውሮፕላኖች ነበሩ። ሌሊት የጃፓንን መርከቦች ለማደን ጥቁር ቀለም ስለሚቀቡ «ጥቁር ድመቶች» ይባሉ ነበር።

ከዚህ ዘመን ታሪኳ በብዛት የሚነሣው የኦርሞክ ባሕረ ሰላጤ ነፍስ አድን ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1944 መጀመሪያ ኩፐር የተባለችው የአሜሪካ አጥፊ መርከብ በሌይቴ ደሴት ጠረፍ በቶርፔዶ ተመትታ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። በሕይወት የተረፉት መርከበኞች በጃፓኖች በተያዘ ዳርቻ አጠገብ ውሃ ላይ ተበትነው ነበር። ከኦርካ ጋር የሚሠሩ ካታሊናዎች በቀን ብርሃን እዚያው አርፈው ሰዎቹን ከባሕር ለቀሙ። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ ከራሱ ሠራተኞች ሌላ 56 ሰዎች ጭኖ፣ በዚያ ክብደት ውሃውን ለመልቀቅ ብዙ ርቀት ከተንሸራተተ በኋላ ተነሣ። የካታሊና መደበኛ ሠራተኞች ከ10 ሰው እንደማይበልጡ ሲታሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባል።

በሚቀጥለው ወር ኦርካ በሊንጋየን ባሕረ ሰላጤ ነበረች። በዚያ ዘመቻ የጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አብራሪዎች በአሜሪካ መርከቦች ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሱ ቢሆንም እርሷ ተርፋ ወጣች። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 በቢኪኒ ደሴቶች ላይ በተደረገው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራ ከደጋፊ መርከቦች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1947 ከአገልግሎት ወጥታ በመጠባበቂያነት ተቀመጠች፤ የኮሪያ ጦርነት ሲነሣ በ1951 መጨረሻ ተመልሳ እስከ 1960 ድረስ በምዕራብ ፓሲፊክ ስትመላለስ ቆየች። በዚያን ጊዜ የባሕር አውሮፕላኖች ዘመን እያለፈ ነበር። ረጅም ርቀት የሚበሩ የየብስ አውሮፕላኖች ሥራቸውን ወሰዱባቸው፤ ደጋፊ መርከቦቹም ሥራ ፈቱ።

የእህቶቿ ዕጣ

የባርኔጋት ክፍል መርከቦች ጠንካሮችና ብዙ ቦታ ያላቸው ስለነበሩ ሌላ ሥራ ለማግኘት አልተቸገሩም። 18ቱ ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተሰጥተው በአትላንቲክና በፓሲፊክ የአየር ጠባይ ተመልካች ሆኑ፤ ከነዚህም ሰባቱ ኋላ ለደቡብ ቬትናም ተላልፈዋል። በቁጥር ከኦርካ ቀጥላ የምትገኘው ሪሆቦት፣ እንዲሁም ሳን ፓብሎ የተባለችው፣ ወደ ውቅያኖስ ጥናት መርከብነት ተለውጠው የባሕር ወለል ጥልቀትንና የውሃውን ጠባይ እየለኩ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሠርተዋል። ሳን ካርሎስ የተባለችውም እንዲሁ የጥናት መርከብ ሆና ቆይታ በመጨረሻ ለግሪክ ተሰጥታለች።

ለኢትዮጵያ ታሪክ የሚቀርበው ግን የኖርዌይ ድርሻ ነው። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1958 ጋርዲነርስ ቤይ የተባለችውን እህት መርከብ ተቀብላ ሆኮን ሰባተኛ በሚል ስም የእጩ መኮንኖች ማሠልጠኛ አደረገቻት። በዚያው ጊዜ የኢትዮጵያን ባሕር ኃይል በማደራጀት ላይ የነበሩት ባለሙያዎች ከኖርዌይ የመጡ መኮንኖች ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያ የተሰጠችው መርከብም ከዚሁ ክፍል ሆና፣ ለዚሁ ሥራ ዋለች።

ወደ ምጽዋ

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቆራኝ አገሪቱ ረጅም የቀይ ባሕር ጠረፍ አገኘች፤ የሚጠብቀው ግን አንድም መርከብ አልነበራትም። ባሕር ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1955 ተመሠረተ፤ በ1958 ደግሞ ራሱን የቻለ የጦር ክፍል ሆነ። መምሪያው አዲስ አበባ፣ ዋናው የጦር ወደብ ምጽዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አስመራ ነበር። የባሕር መኮንን የሚሆን ወጣት ትምህርቱን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይማራል ማለት ነው፤ ባሕሩን ለማየት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል መውረድ ነበረበት።

የመጀመሪያዎቹ መርከቦች አነስተኛ ነበሩ። ከአሜሪካ የመጡት ጠባቂ ጀልባዎች ርዝመታቸው 29 ሜትር ገደማ ሲሆን ከዩጎዝላቪያም ሁለት የቶርፔዶ ጀልባዎች ተገኝተዋል። እነዚህ ጠረፍ ለመጠበቅ ይበቃሉ፤ አንድ ክፍል እጩ መኮንን ጭነው ለሳምንታት በባሕር ላይ የሚቆዩ ግን አልነበሩም። ኦርካ የመጣችው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አሜሪካ በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረመችው የመከላከያ ስምምነት መሠረት አስመራ አጠገብ በሚገኘው የቃኘው የመገናኛ ጣቢያ ስትጠቀም፣ በምላሹ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ትሰጥ ነበር። በዚሁ ግንኙነት መርከቧ በ1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዩዋሪ 1962) በውሰት ለኢትዮጵያ ተላለፈች። ስሟም ኢትዮጵያ ተባለ።

አንድን መርከብ በአገር ስም መሰየም ባሕር ኃይሉ ምን ያህል ግምት እንደሰጣት ያሳያል። አንድ 127 ሚሊ ሜትር መድፍና ጥቂት 40 ሚሊ ሜትር ፀረ አውሮፕላን መድፎች ነበሯት፤ 215 ገደማ ሠራተኞች ይዛ ትንቀሳቀስ ነበር። ለአውሮፕላን አብራሪዎች ተብሎ የተሠራው ተጨማሪ የመኝታ ቦታ ለእጩ መኮንኖች የተመቸ ሆነ። የደጋፊ መርከብ ወርክሾፖችም ለማሽን ተማሪዎች እንደ መማሪያ ክፍል ነበሩ።

በሥልጠና ሥራ ላይ

በአስመራው ኮሌጅ የነበረው ትምህርት 52 ወር ይወስዳል። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማሩትን መተግበር የሚቻለው ግን በባሕር ላይ ብቻ ነው። የመርከብን ቦታ ከኮከብና ከፀሐይ ለክቶ በካርታ ላይ ማስቀመጥ፣ በኮምፓስ አቅጣጫ መያዝ፣ ሌሊት በፈረቃ ድልድዩ ላይ መቆም፣ በሞተር ክፍሉ ሙቀት ውስጥ ማሽን መቆጣጠር፣ ጀልባ ማውረድና መሳብ የሥልጠናው አካል ነበሩ። ቀይ ባሕር ለዚህ ቀላል መምህር አይደለም። መሐሉ ከ2,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ዳርቻዎቹ ደግሞ በኮራል ድንጋይ የተሞሉ ናቸው። በበጋ የምጽዋ ሙቀት በዓለም ላይ ከታወቁት ከባድ ሙቀቶች የሚቆጠር ሲሆን፣ በብረት በተሠራ መርከብ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ተራ ባሕርተኞች የሚሠለጥኑት በምጽዋ በነበሩ ትምህርት ቤቶች ነው። ከመኮንኖቹ መካከልም በውጭ አገር፣ ለምሳሌ በጣሊያን የሊቮርኖ የባሕር ኃይል አካዳሚ የተማሩ ነበሩ። ስለዚህ ሁሉም መኮንን በዚህች መርከብ ሥልጠና አለፈ ማለት አይቻልም።

በዓመት አንድ ጊዜ ምጽዋ ላይ የሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የመርከቧ ትልቁ መድረክ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ለተመራቂ መኮንኖች ዲፕሎማ ይሰጣሉ፤ የውጭ መንግሥታትም የጦር መርከቦቻቸውን ይልካሉ። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት መርከቦች በአንድ ወደብ ጎን ለጎን የቆሙባቸው ዓመታት ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ጊዜ ብዙ የሚታይ አልነበረም። በዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል አስተናጋጇን አገር የምትወክለው ኤ-01 ነበረች። ባሕር ኃይሉን በምክትል አዛዥነት ይመሩ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ነበሩ።

ከአብዮቱ በኋላ

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት ባሕር ኃይሉን ከላይ ጀምሮ ነካው። ሪር አድሚራል እስክንድር ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከገደላቸው ባለ ሥልጣናት መካከል ነበሩ። መርከቧ ግን ሥራዋን ቀጠለች። እስከዚያ ድረስ በሕግ የአሜሪካ ንብረት የነበረችው ይህች መርከብ እ.ኤ.አ. በ1976 ሙሉ በሙሉ ለኢትዮጵያ ተሸጠች። ሽያጩ የተፈጸመው የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የቃኘውን ጣቢያ ዘጋ፤ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ እርዳታም ቆመ።

ከዚያ በኋላ የመጡት መርከቦች የሶቪየት ሥሪቶች ናቸው። የሚሳይልና የቶርፔዶ ጀልባዎች፣ ታንክ አውራጆች፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዓ.ም.) ደግሞ ፔትያ የተባሉ ሁለት ፍሪጌቶች ተረከቡ። ሶቪየቶች በዳህላክ ደሴቶች በኖክራ የራሳቸውን ማረፊያ አገኙ። በዚህ አዲስ መርከብ ሁሉ መካከል አሮጊቷ አሜሪካዊት ብቻዋን ቀረች። ሞተሯም መድፏም ከአዲሶቹ ጋር አይገናኝም፤ ከሠሪዋ አገር ደግሞ መለዋወጫ ማዘዝ አይቻልም። በጦር አቅም የተቀደመች ብትሆንም በስፋት የሚተካት ስላልተገኘ ለሥልጠና መዋሏ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዕድሜዋ ከ40 ዓመት አልፎ ነበር።

የምጽዋ መያዝና የመጨረሻው ጉዞ

የሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ ጦር በየካቲት 1982 ዓ.ም. ፈንቅል ባለው ዘመቻ ምጽዋን ሲይዝ ባሕር ኃይሉ ዋና ቤቱን አጣ። የጥገና ወርክሾፖቹ፣ የነዳጅ ማከማቻዎቹና ትምህርት ቤቶቹ በአንድ ጊዜ ከእጁ ወጡ። የቀሩት መርከቦች በአሰብና በዳህላክ ተወስነው ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሲሄዱ፣ አስመራና አሰብም በቀናት ልዩነት ሲያዙ፣ ለመርከቦቹ የሚመለሱበት ወደብ አልነበረም። ከፊሉ በቦምብ ተመትቶ ወይም ተጥሎ ቀረ። መንቀሳቀስ የቻሉት ባሕሩን አቋርጠው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ወጡ፤ ወደ ጅቡቲም የሄዱ ነበሩ።

ኤ-01 ወደ የመን ከሄዱት መካከል ናት። ከ48 ዓመት በፊት ተሠርታ ውሃ ላይ የወረደች መርከብ በራሷ ኃይል ቀይ ባሕርን መሻገሯ፣ በሞተር ክፍሏ የነበሩ ሰዎችን ሙያ የሚመሰክር ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ባሕር አልወጣችም። በሰው አገር ወደብ፣ አገልግሎት በሌላት አካልነት ቆማ ሁለት ዓመት ካሳለፈች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ለብረታ ብረት ቁርጥራጭነት ተሸጠች። ኤርትራ ነጻነቷን ያወጀችውም በዚሁ ዓመት ነው።

የተቀረው ባሕር ኃይል ሕልውና ከእርሷ በጥቂት ዓመት ቢዘገይም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠመውም። ከየመን እንዲወጡ የተደረጉት መርከቦች በጅቡቲ ተሰባስበው ያለ አገር ወደብ ቆዩ። የወደብ ዕዳ ተጠራቅሞባቸው በመስከረም 1989 ዓ.ም. በሐራጅ ተሸጡ፤ ከገዢዎቹ አንዷ ኤርትራ ነበረች። ባሕር ኃይሉም በዚያው ፈረሰ። በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት ግን ከጦር መርከቦቹ ጋር አብሮ አልጠፋም፤ በጎረቤት ወደብ እየተጠቀመ ሥራውን ቀጥሏል። ለንግድ መርከቦች የሚሆኑ ባሕረኞችንም ቢሾፍቱ በባቦጋያ የሚገኘው ማሠልጠኛ ያወጣል። ባሕር ኃይልን መልሶ የማቋቋም ሐሳብ በ2010 ዓ.ም. በመንግሥት ደረጃ ተነሥቶ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን አዲስ አበባን ሲጎበኙ ለዚሁ ድጋፍ የሚሰጥ ስምምነት ተፈርሟል።